የኡስቶ ኢስሮፊል ጠብታ

«ስንት ጊዜ ልናገር? ዘይት አይጠጣም አልኩ፣ አይጠጣም! ይሄ ጋዝ ነው፣ ሞላ አይደለም! ለጋዝ ፒስተን ዘይት መስጠት ለሚጠባ ሕፃን አረቄ እንደ መጋት ነው!»

ኡስቶ ኢስሮፊል የአየር ጠመንጃውን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ ነው የሚጮኸው። «ኡስቶ» ለሙያተኛ ሁሉ የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ ኢስፋራ ከተማ ገበያ ውስጥ ግን ዝም ብለህ «ኡስቶ» ካልክ እሱን ማለትህ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም። ብረታ ብረት ተራ ተቀምጦ ሲቆጣ ዳቦ ተራ ያሉት ሴቶች «ዛሬ ደግሞ ማን ዘይት ቀባ?» ይባባላሉ።

ዛሬ የቀባችው፣ እሱ እንደሚለው፣ ፊት ለፊቱ የቆመችው ኦይኒሶ ናት። ከቦዩ በላይ ሰባ እግር አፕሪኮት ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት። ፍሬው መብሰል ጀምሯል። ሲበስል ደግሞ ማይና የሚባለው ቢጫ ምንቃር ወፍ በመንጋ ይወርድበታል። በልቶ ቢጠግብ እኮ ደግ ነበር፤ አንዷን ነከስ፣ ሌላዋን ነከስ እያደረገ ሁሉንም ያበላሻል እንጂ። የተነከሰ ፍሬ ደግሞ ደርቆ ገዢ የለውም። ኦይኒሶ ዓመቱን የምትከርመው በደረቅ አፕሪኮት ነው፣ አፕሪኮቱ የሚተርፈው ደግሞ በዚህ ጠመንጃ ነው።

«ዘይት አላስነካሁትም» አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ። «እጄን የነካው ዘይት ቢኖር የሩዝ ፕሎቭ ዘይት ነው፤ እሱንም በሳሙና ታጥቤዋለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ይሸታል?» አፈሙዙን ከማጠፊያው እጥፍ አደረገና ወደ አፍንጫዋ አስጠጋው። «አሽትቺው እስቲ። ጠመንጃ ነው ወይስ የናፍጣ መኪና ነው ያመጣሽልኝ?»

እዚህ ላይ ገበያው በሙሉ ዞሮ አየው። ስለ ሽታው አይደለም፣ «አሽትቺው» ስላላት ነው። ኦይኒሶ በሦስት ዓመት ትበልጠዋለች። አርባ ዓመት ሙሉ «ኦፓ» ሲላት ነው የኖረው፣ እትዬ እንደ ማለት ነው፤ «እርስዎ» ሲላት ነው የኖረው። አንቺታው ከአፉ ሲወጣ እሱም ሰምቶታል። የተቆጣ ሰው ግን የኋላ ማርሽ የለውም።

«ስመላለስ ሦስተኛዬ ነው» አለች ኦይኒሶ። «ከእጅዎ ስቀበለው ደህና ነው። ቤት ወስጄ ስተኩሰው እንደ መድፍ ይጮሃል፣ ጭስ ይተፋል፤ በረታ ብዬ ደስ ይለኛል። በሳምንቱ ይደክማል። ጥይቱ ማይናዋን ሲነካት ጀርባዋን ያከኩላት ነው የሚመስላት።»

ሰዉ ሳቀ። ኡስቶ ሳቁ ወደ እሷ ሲያዘነብል አየና ቶሎ መለሰው።

«ከኔ እጅ ሲወጣ ደህና ከሆነ፣ የተበላሸው በማን እጅ ነው?»

ኦይኒሶ ፊቷ ቀላ፣ ሻሿን አጠበቀች፣ ጠመንጃውን እዚያው ትታ ሄደች። ባልዲ ሻጩ ከኋላዋ «ኦይኒሶ ዘይት!» አለና ወረወረባት፤ ፀሐይ ዘንበል ሳትል ስሙ ገበያውን ዞሮ ጨረሰ። ኢስፋራ ስም ለማውጣት አይዘገይም፣ ለመመለስ ነው የሚዘገየው። አንዴ ከአህያ ስለወደቀ «አህያ» የተባለ ሰውዬ ነበር፤ ሰውዬው ከሞተ ቆየ፣ የልጅ ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ ውርንጭሎች ነው የሚባሉት።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና፣ የኡስቶ ነገር ሥሩ መናፈሻው ውስጥ ነው።

ከወታደርነት ተመልሶ ሥራ ሲፈልግ የተቀበለው የከተማው መናፈሻ የዒላማ ቤት ነበር። የቆርቆሮ ዳክዬ፣ የቆርቆሮ ጥንቸል፣ ስትመታ ክንፏን የምታሽከረክር የቆርቆሮ ወፍጮ። ቤቱን የያዘው ራሺድ ባባይ የሚባል ታታር ሽማግሌ ነው። ባባይ ከሰው ጋር ማውራት አይወድም፣ የሚያወራው ከጠመንጃዎቹ ጋር ነው። ያኔ ጠመንጃው ሁሉ በሞላ ነበር የሚሠራው፤ ከሞላው ፊት ደግሞ አየሩን የሚገፋ ክብ ቆዳ አለ። የኢስፋራ በጋ እንኳን ቆዳ ሰውም ያደርቃል። ስለዚህ ባባይ ጠመንጃ ለሰው ሲያቀብል ሁልጊዜ አፈሙዙን ያጥፋል፣ አየር የምትወጣባት ቀዳዳ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ጠብ ያደርጋል፣ በአውራ ጣቱ ጠረግ ያደርጋታል፣ ከዚያ ጠመንጃውን በቀኙ ይሰጥሃል፣ ግራ እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። «ቆዳው ይጠጣ» ይላል። አበቃ፣ ሌላ ቃል የለም።

ኢስሮፊል አሥራ አንድ ዓመት አብሮት ሠራ። ስንት ሺህ ጊዜ ጠብ እንዳደረገ እሱም አያውቀው። ባባይ ሲሞት ሌላ የሚወረስ ነገር አልነበረውምና ኢስሮፊል ጠብታዋን ወረሰ። ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ፣ መናፈሻው ተዘጋ፣ ዳክዬዎቹ ለቁራሌው ተሸጡ፣ ኢስሮፊልም እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ባቡር ተሳፍሮ ሩሲያ ገባ።

ቮልጋ ዳር ባለ ከተማ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን ዘጠኝ ዓመት ቆየ። የመኪና የኋላ በር ቀና አድርጎ የሚይዘውን የጋዝ ዘንግ ያየው እዚያ ነው። ሲገፉት ይገባል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ ጩኸት የለው፣ መንቀጥቀጥ የለው። ሌላው ሰው በዚያ ዘንግ በር ሲታየው ለኢስሮፊል ጠመንጃ ታየው። ወደ አገሩ ሲመለስ ለሚስቱ ለማትሉባ አንድ ሻርፕ፣ ለራሱ ስምንት የጋዝ ዘንግ ይዞ መጣ። ማትሉባ ሻርፑን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ዘንጎቹን ዞር ዞር ብላ አየቻቸውና «ለየትኛው መኪናችን ነው?» አለችው። መኪና ኖሯቸው አያውቅም።

የመጀመሪያውን ጠመንጃ ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ሞላውን አውጥቶ ዘንጉን ሲከትበት ኢስፋራ ጉድ አለ። የድሮው ሲተኮስ ትከሻህ ላይ እንደ አሮጌ ሽቦ አልጋ ዝዝዝ ይላል፤ ይሄኛው «ጥፕ» ብሎ ዝም ነው። ቀስ በቀስ ፋብሪካ የሠራቸውም መምጣት ጀመሩ፣ የሚጠግናቸው ግን እሱ ብቻ ሆነ። ወይን የሚጠብቅ፣ አፕሪኮት ያለው፣ የጎተራ አይጥ ያማረረው፣ ሁሉም ኡስቶ ዘንድ።

ኡስቶም ሕግ አወጣ። ጠመንጃ ሲያስረክብ ሕጉን በአፍንጫው ሳይዘምር አይለቅህም፦ «አትነቀው። እንደ ጫጩት ያዘው፣ ሲዘል ይዝለል፤ ካነቅኸው ይሸውድሃል፣ ወፏ እዚህ ጥይቱ እዚያ። ውርጭ ሲሆን ጋዙ ይኮማተራል፣ ጥይቱ ዝቅ ይላል፣ ያኔ አንተ ከፍ አድርገህ አልም። ጥይት ሳታጎርስ በባዶ አትተኩስ። ተወጥሮ ቢውል እንደ ሞላ አይደክምም፤ አንተ ግን ወጥረህ አትተወው፣ ጋዙ ባይደክም ዕድልህ ይደክማል። ዘይት ደግሞ፣ ዘይት፣ ዘይት፣ ወደ ቀዳዳዋ ድርሽ እንዳይል። አየሩ ሲጨመቅ ይግላል፣ ዘይቱ ይቀጣጠላል፣ ውስጥ ያለውን ጎማ ይበላዋል። ለማጠፊያው ብሎን አንድ ጠብታ፣ እሱም በዓመት አንዴ፣ እሱም በኔ እጅ።»

ሰው ይሰማል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል። አንዳንዱ በሳምንቱ እያጨሰ ይመለሳል። ተመላሹን ኡስቶ አይምረውም። ሙሂዲን የሚባለው ወይን ጠባቂ ከሦስት ዓመት በፊት ዳቦ በእጁ ይዞ «ዘይት አስነክቼው ከሆነ ይሄ ዳቦ ይነቀኝ» ብሎ ማለለት። እኛ ዘንድ በዳቦ ከተማለ ነገር አለቀ ማለት ነው። ኡስቶ ግን «ዳቦውንም ቅቤ ቀብተኸዋል መሰለኝ» ብሎ ገበያ አሳቀበት። ሙሂዲን ከዚያ ወዲህ ሰላም አይለውም። ልጁን ሲድር ሰፈሩን በሙሉ ጠርቶ የኡስቶን በር ዘለላት።

እንግዲህ ከኦይኒሶ ጋር ከተጣሉ በሁለተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኡስቶ ሻይ ቤት ተቀምጦ አረንጓዴ ሻዩን ይጠጣል። ድል ያደረገ ሰው አቀማመጥ ነው የተቀመጠው፣ እግሩን አጣጥፎ፣ ሁለት ትራስ ከኋላው። ቱይቺ ፀጉር አስተካካዩም አለ። የቱይቺ ሱቅ ከሻይ ቤቱ ጎን ነው። የሰው ጢም ሲላጭ የሰውዬውን ፊት በደንብ ያጠናል፣ ማታ ያንኑ ፊት በገዛ ፊቱ ላይ ያወጣዋል። የትራፊክ ፖሊሱን ያወጣል፣ ኢማሙን ያወጣል፣ የገዛ አማቱን ያወጣል። ያን ቀን ሰዎቹ ኡስቶን አውጣልን አሉት። ቱይቺ ፈራ ተባ አለ፤ ኡስቶ ራሱ ነው ትራሱን ደገፍ ብሎ እስቲ አውጣኝ ያለው።

ቱይቺ መጥረጊያ አነሳ። ፊቱን አጨማደደ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ፣ ድምፁን በአፍንጫው ለቀቀው፤ ከኡስቶ ይበልጥ ኡስቶ ሆነ። «አትነቀው» አለ። «እንደ ጫጩት» አለ። መጥረጊያውን እንደ አፈሙዝ አጥፎ «ዘይት፣ ዘይት፣ ዘይት፣ ወደ ቀዳዳዋ ድርሽ እንዳይል» እያለ፣ ልክ ይህን እያለ፣ ቀኝ እጁ ወደ ሰደርያ ኪሱ ገባች፣ የሌለ ብልቃጥ ይዛ ወጣች፣ የሌለች ቀዳዳ ላይ የሌለች ጠብታ ጠብ አደረገች፣ በአውራ ጣት ጠረግ፣ መጥረጊያው በቀኝ፣ ግራ እጅ ደረት ላይ።

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ኡስቶም ሳቀ። አንዴ ሳቀ፣ ሁለቴ ሳቀ፣ ሦስተኛውን ትቶ ከትራሱ ቀና አለ።

«ያቺ በጣትህ ያደረግሃት ምንድናት?»

«የቷ?»

«ያቺ። ጠብ፣ ጠረግ።»

«እሷማ የርስዎ ናት፣ ኡስቶ» አለ ቱይቺ በራሱ ድምፅ። «እኔ አልጨመርኩም። እኔ እኮ ዱዓ ትመስለኝ ነበር።»

ሻይ ቀጂው በረከት መስሎት እንደነበር ተናገረ። ባልዲ ሻጩም ያውቃታል፣ ሌላውም ያውቃታል፣ ሁሉም አይቷታል። የኡስቶ ማኅተም ናት ብለው ነበር የያዟት። አፉ እንዲያ እየጮኸ እጁ ምን እንደሚሠራ ማን ልብ ይላል? አፉን የሰማ እጁን አላየ፣ እጁን ያየ አፉን አልሰማ።

ኡስቶ እጁን አየ። እጁ ስኒ ይዟል፣ ምንም ያጠፋ አይመስልም። እጅ ከፍንጅ ተያዘ የሚባለው ሌላ ሰው ሲይዝህ ነው፤ እሱን የያዘው የራሱ እጅ ነው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ሰዎቹ ተቀየመ ብለው ቱይቺን ወቀሱት።

ቤት ሲደርስ ማትሉባ ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ሰደርያውን አወለቀና ቀኝ ኪሱን ገለበጠው። ብልቃጧ ወጣች፤ ድሮ የዓይን ጠብታ የነበረባት፣ አሁን የስፌት መኪና ዘይት የተሞላች። የኪሱ ጨርቅ ጠቁሯል።

«ይቺን በስንት ጊዜ ነው የምትሞይልኝ?» አላት።

«በወር አንዴ።»

«ለብሎኑ እኮ በዓመት አንዴ ነው የምሰጠው።»

«እንዲህማ ከሆነ» አለች ማትሉባ፣ የልብስ መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ፣ «ወይ አንተ ትጠጣዋለህ፣ ወይ ብሎኑ ዋና ተምሯል።»

ደረጃው ላይ ተቀመጠና ነገራት። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለው ነበር። የተሰጣውን ልብስ እያስተካከለች «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል ሲሉ ስለ ጅራፍ ይመስለኝ ነበር» አለችና ገባች።

እሱ እዚያው ሆኖ እያጨሱ የተመለሱትን ጠመንጃዎች አሰበ። አሥራ አራት ናቸው። ጠመንጃውን ባሰበ ቁጥር ባለቤቱ ይመጣበታል፣ ባለቤቱ በመጣ ቁጥር የተናገረው ቃል ይመጣበታል። ሙሂዲን ዳቦ እንደያዘ መጣበት። ኦይኒሶ ሻሿን እያጠበቀች መጣችበት፣ «አሽትቺው» ያላት ድምፅ ደግሞ አብሯት መጣ። ጆሮው ጋለ። ለሰው የተናገረው ሕግ ሁሉ እውነት ነበር እኮ። አንድም አልተሳሳተም። ኢስፋራ ውስጥ ያን ሕግ ያልጠበቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። ብልቃጧን ቦይ ውስጥ ቢጥላትስ? ማንም አያውቅ። ከነገ ጀምሮ ጠመንጃ አያጨስም፣ ሰዉም «በመጨረሻ ኡስቶን ሰማነው» ይላል፤ ይባስ ብለው ያመሰግኑታል። ሐሳቡ ደህና ሐሳብ ነበር። ለካ እንዲህም ነኝ አለ በልቡ። ከጠብታዋ ይልቅ ያቺ ሐሳብ አሳፈረችው። ብልቃጧን ለማትሉባ ሰጣትና ደብቂብኝ አላት።

በማግስቱ ሱቁን ግማሽ ብቻ ከፍቶ የኦይኒሶን ጠመንጃ ፈታ። ጎማው ጠርዙ እንደ ተረሳ ቂጣ አርሯል። የመጨረሻ አዲስ ጎማ ነበረው፣ እሱን አስገባ፤ የአየር ቱቦውን በደረቅ ጨርቅ እስኪያብረቀርቅ ወለወለው፣ አምስት ጥይት ግንቡ ላይ ተኩሶ ሞከረው። ጥፕ፣ ጥፕ። ጭስ የለም። ጠመንጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ ዳገቱን በእግሩ ወጣ።

ኦይኒሶ ዛፎቹ መሃል ቆማ የድስት ክዳን በማንኪያ እየደበደበች ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትደበድብ ድምጿ ሰልሏል፤ ማይናዎቹ ግን ለምደዋታል። አንዷማ ቅርንጫፍ ላይ ሆና የክዳኑን ድምፅ ራሱን ትመልስላታለች፣ ቋ ቋ ቋ። እግሯ ሥር ሁለት ባልዲ የተነከሰ ፍሬ አለ። ኡስቶ ባልዲዎቹን አይቶ ዓይኑን አነሳ፤ የሚያሳርፍበት ግን አጣ።

«ይኸው፣ ኦፓ» አለና ጠመንጃውን ፈታው። አፈሙዙን አጠፈ። እንዲህ እንዲህ ያደርጉታል ሊል አፉ ተከፈተ፣ ሕጉ በራሱ መፍሰስ ጀመረ። እጁም ጀመረች። ኪስ ገባች፣ ባዶዋን ወጣች፣ ቀዳዳዋ ላይ ባዶ ጣቶቿን ጨመቅ አደረገች፣ ጠረግ።

ኦይኒሶ እጁን እያየች ነበር።

«ምን ጠፋዎት?»

«ምንም። ብልቃጧን ቤት ትቻታለሁ።» ቀኝ እጁን በግራው ያዘ። «እጄ ግን አልሰማችም።»

ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ባባይን ነገራት፣ ቆዳውን ነገራት፣ ቱይቺና መጥረጊያውን ነገራት። መሬት መሬቱን እያየ ነው የነገራት፤ ሲጨርስም ቀና አላለም። ኦይኒሶ ጠመንጃውን ተቀበለችው፣ ጥይት አጎረሰች፣ ግራ እጇን ከሥሩ ዘርግታ አስተኛችው እንጂ አልጨበጠችውም፣ ትንፋሿን ለቀቅ አድርጋ አጥሩ ላይ ያለውን ቆርቆሮ መታችው። ልክ እንደ ጫጩት ነው የያዘችው። ሕጉን አንድ ሳታስቀር ጠብቃዋለች። ኡስቶ እንዲህ ያለ ተማሪ ኖሮት አያውቅም ነበር፣ እሷን ነው ገበያ መሃል ያዋረዳት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ኦፓ።»

«እኔ ይቅር ብልዎ ምን ይጠቅማል?» አለች። «ትናንት ዳቦ ልገዛ ወረድኩ፣ ሻጯ ልጅ 'ዘይት ኦፓ፣ ስንት ልስጥዎ?' አለችኝ። ለስድብ አይደለም እኮ፣ ስሜ መስሏት ነው።» ጠመንጃውን ዛፍ አስደገፈችው። «ገበያ መሃል የጣሉትን ጓሮ ውስጥ አያነሱትም፣ ኡስቶ።»

እሑድ ገበያው ሞልቷል። ኡስቶ የራሱን በርጩማ አውጥቶ ወጣበት። እንዳይዞርበት የሱቁን ምሰሶ ያዘ። ያ ረጅም ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፣ መጀመሪያ ማንም አልሰማውም።

«ኦይኒሶ ኦፓ ዘይት አላስነኩም» አለ እንደገና። «ሙሂዲንም አላስነካም። አሥራ አራቱም አላስነኩም። ዘይቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በዚች እጄ፣ እንዲህ አድርጌ።»

አሳያቸው። ስህተቱ ማሳየቱ ነው። እጁ ኪስ ስትገባ፣ ስትወጣ፣ ጠብ፣ ጠረግ ስትል ገበያው በሳቅ አበደ። ኡስቶ ቱይቺን እያስመሰለ ነው ብለው ያዙት። ቱይቺ ራሱ ከሱቁ ወጥቶ ምላጩን እንደያዘ አጨበጨበ፤ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው አለ። ይደገም፣ ይደገም አሉ። ኡስቶ ቀልድ አይደለም ባለ ቁጥር ሳቁ ባሰ፣ እንዲያ ብሎ ሲቆጣማ ራሱን ቁጭ አደረገው አሉ። ሰው ጥፋቱን ተናዞ እንዲህ ይጨበጨብለታል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ሙሂዲን ከዳቦ ተራ መጥቶ ብዙ ቆሞ አየው። ከያዘው ዳቦ ግማሹን ቆርሶ የኡስቶ ጠረጴዛ ላይ፣ ካቻቢቴዎቹ አጠገብ አስቀመጠና ሄደ። ይቅርታ ይሁን ስድብ ኡስቶ እስከ ዛሬ አያውቀውም። ዳቦው ደረቅ ነበር፣ ቅቤ አልነካውም። እያንዳንዷን ፍርፋሪ በላት።

ኦይኒሶ ከሱቁ ማዶ የመጀመሪያውን ፍሬ ይዛ ተቀምጣለች። ሄዶ ፊቷ ቆመ።

«ሰሙኝ?»

«ሰማሁዎ። እነሱ ግን ሳቁ።»

«በሚመጣው እሑድ እደግመዋለሁ።»

«ያኔም ይስቃሉ።» ሚዛኗ ላይ ፍሬ ጨመረች። «ስሙ እኔ ላይ ተሰፍቷል፣ ኡስቶ። አይላቀቅም።»

«ይላቀቃል። ወደኔ ይዞራል። ዘይት የምባለው እኔ ነኝ።»

«አይዞርም።»

«እንወራረድ።»

ኦይኒሶ ቀና ብላ አየችው። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የከንፈሯ ጫፍ ተነቃነቀች። የሚወራረዱትን እዚያው ቆርጠው ተነጋገሩ፦ የመጨረሻው አፕሪኮት ከማድረቂያው ጣሪያ ሳይወርድ ገበያው «ዘይት» ብሎ እሱን ከጠራ፣ ደጇ ላይ ያለው ዛፍ ፍሬ በሙሉ የሱ ነው። ስሙ እሷ ላይ ከቀረ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ፍሬው እስኪለቀም ማይና ጠባቂዋ እሱ ይሆናል፣ መንገድ ዳር፣ አላፊ አግዳሚው እያየው። እጅ ተጨባበጡ። ቱይቺ በመሃል በመዳፉ ቆርጦ ለያያቸው፤ ያለ ቆራጭ ውርርድ ውርርድ አይባልም።

«እንዲህ ያለ ውርርድ አይቼ አላውቅም» አለ ቱይቺ። «ሰውዬው ሊዋረድ ይወራረዳል፣ ሴትዮዋ ልሸነፍ ብላ ትጸልያለች።»

ኡስቶ ከዚያ ወዲህ ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ማስታወሻ ቀይ ክር አስሯል። ጠመንጃ ሲያስረክብ ሕጉን አይዘምርም፤ «አፌን ተዉት፣ እጄን እዩልኝ» ነው የሚለው። አንዳንዱ ደንበኛ ሳቁን ይውጣል፣ አንዳንዱ በእውነት ያያል። እጁ አሁንም ኪስ ትገባለች። ኪሱን ማትሉባ ሰፍታዋለች፣ ቢሆንም እጁ ስፌቱን ትዳብሳለች። እሑድ እሑድ በርጩማው ላይ ይወጣል፤ ሰዉም እሑድ የኡስቶ ጨዋታ አለ እየተባባለ ልጁን ይዞ ይመጣል።

ዛሬ የአፕሪኮቱ ግማሽ ጣሪያ ላይ ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያው ሲሞቅ፣ ከዳቦ ተራ በኩል አንድ ሰው «ዘይት!» ብሎ ተጣራ። ኦይኒሶ ከሚዛኗ ዞረች። ኡስቶ ከሞርሳው ተነሳ። የጥጥ ፍሬ ዘይት በጋሪ የሚሸጠው ሰውዬም መሃል ላይ ቆሞ የጠራውን ይፈልጋል። ሦስቱ ተያዩ። የጠራው ሰው በሕዝቡ ውስጥ ጠፍቷል።

ቱይቺ ጢሙ ግማሽ የተላጨውን ደንበኛውን ወንበር ላይ ትቶ ምላጩን እንደያዘ ወጣ፣ ቆራጭ ነውና።

«ይቆጠራል» አለ ኡስቶ። «ተነስቻለሁ፣ አይተኸኛል።»

«አይቆጠርም» አለች ኦይኒሶ። «ቀድሜ የዞርኩት እኔ ነኝ።»